ከወንዝ አፍ ያገኘሁት የጨዋማነትና የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን መስመር በክፍት ውቅያኖስ ላይ ለምን አይሠራም?

ማዕበል (ክሩን የከፈቱ)

ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ ከአንድ ትልቅ ወንዝ አፍ ተነሥቶ እስከ ክፍት ውቅያኖስ በሚዘልቅ መስመር ላይ የተቀዱ የገጸ ውሃ ናሙናዎችን እየመረመርኩ ነው። የምለካው የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦንን ነው፤ ይኸውም ከእፅዋት፣ ከደቂቅ ዘአካላትና ከአፈር መንጭቶ፣ በጣም ጠባብ ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ አልፎ በውሃው ውስጥ የሚቀረውን ካርቦን ሁሉ ማለቴ ነው። በወንዙ አፍ አካባቢ ያገኘሁት ውጤት እጅግ ያማረ ነበር። ጨዋማነቱ በጨመረ ቁጥር የካርቦኑ መጠን ይቀንሳል፤ ነጥቦቹም በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ተሰልፈዋል። ጨዋማነትን መለካት ቀላልና ርካሽ ስለሆነ፣ ይህን መስመር ይዤ በሩቁ ባሕር ላይ ያለውንም ካርቦን ለመገመት አስቤ ነበር። ይሁን እንጂ የዳርቻውን ጥልቀት የሌለው ውሃ አልፌ ወደ ጥልቁ እንደገባሁ ግምቴና ልኬቴ ተለያዩ። ልዩነቱ የትንሽ ስሕተት ዓይነት ሳይሆን የአቅጣጫ ይመስላል፤ ጨዋማው ውሃ ከጠበቅኩት በላይ ካርቦን ይዞ ይገኛል። በተጨማሪም ሁለት ጣቢያዎች ከጎረቤቶቻቸው ሁሉ ጎልተው ከፍ ብለዋል። ጥፋቱ የልኬት ነው ወይስ የአስተሳሰብ?

ናሙና ጠባቂ

ማዕበል፣ የአስተሳሰቡን ጉዳይ ሌሎች ያብራሩልዎታል፤ እኔ ስለ ልኬቱ ልናገር፤ ምክንያቱም በዚህ ዘርፍ ብዙ ሰው ተፈጥሮን ያገኘ እየመሰለው የራሱን ጠርሙስ ቆሻሻ ሲለካ ኖሯል። በባሕር ውሃ ውስጥ የሟሟው ኢ-ኦርጋኒክ ካርቦን (ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከእርሱ የሚገኙት ካርቦኔቶች) ከ2000 ማይክሮሞል በኪሎግራም ያልፋል። እኛ የምንፈልገው ኦርጋኒኩ ግን በክፍት ውቅያኖስ ገጽ ላይ ከ80 ማይክሮሞል እምብዛም አይበልጥም፤ ይህም በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ወደ 1 ሚሊግራም የሚጠጋ ካርቦን ነው። ስለዚህ ናሙናው አስቀድሞ አሲድ ተጨምሮበት፣ ካርቦን የሌለው ጋዝ እየተነፋበት ኢ-ኦርጋኒኩ ጨርሶ ካልወጣ፣ ቀጥሎ በ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በፕላቲነም ካታሊስት ላይ ተቃጥሎ የሚነበበው ቁጥር ምንም ትርጉም አይኖረውም።

ዘርፉ ራሱ በዚህ ጉዳይ ክፉኛ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሱጊሙራና ሱዙኪ የተባሉ የጃፓን ተመራማሪዎች በአዲስ የማቃጠያ ዘዴ ለክተው፣ በውቅያኖስ ውስጥ ያለው የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን ቀድሞ ይታመን ከነበረው እጅግ እንደሚበልጥ ጻፉ። በርካታ ቤተ ሙከራዎች ያንን ውጤት ለመድገም ዓመታት ደክመው አልተሳካላቸውም፤ በ1993 ሱዙኪ ራሳቸው ጽሑፉን በይፋ ሰረዙት። እኔ ይህን ታሪክ የማነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ እንዲያውም የራስን ሥራ በአደባባይ መሰረዝ ትልቅ ሐቀኝነት የሚጠይቅ ተግባር ይመስለኛል። ከዚያ ውዝግብ የተረፈን ትልቁ ጥቅም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ የሚመሳከሩበት የጋራ ማመሳከሪያ የባሕር ውሃ መዘጋጀቱ ነው። እርስዎ ይህን ማመሳከሪያ ከናሙናዎችዎ ጋር በየዙሩ ለክተው ከሆነ የመስመሩ መገልበጥ የመሣሪያ ጥፋት ነው ብዬ አልገምትም።

ስለ ሁለቱ ጎልተው ስለወጡት ጣቢያዎች ግን እጠራጠራለሁ። እኔ በአንድ የባሕር ጉዞ ላይ በተከታታይ ጣቢያዎች ከፍተኛ ቁጥር እያገኘሁ ለሳምንት ያህል በደስታ ምክንያቱን ስፈልግ ቆየሁ። በመጨረሻ የደረስኩበት ነገር፣ በአጠገባችን የሚሠሩ ባልደረቦች የመቅጃ ጠርሙሶቹን መክፈቻ በአልኮል ይጠርጉ እንደነበር ነው። አንዲት የአልኮል ጠብታ በአንድ ሊትር የውቅያኖስ ውሃ ውስጥ ካለው ካርቦን ሁሉ ትበልጣለች። በእነዚያ ሁለት ጣቢያዎች መቅጃውን የያዘው ማን እንደነበር፣ ጓንቱም ምን እንደነካ የጉዞ መዝገብዎን ይመልከቱ።

ደለል

እኔ የምሠራው በወንዝ አፎች ላይ ስለሆነ ያ ያማረው መስመር ምን እንደሚነግርዎት፣ ምን እንደማይነግርዎትም ላስረዳ።

በወንዝ አፍ ሁለት ውሃዎች ይገናኛሉ፤ አንዱ ጨው አልባና በአፈር ቅራሪ የበለጸገ፣ ሁለተኛው ጨዋማና በካርቦን የደኸየ ነው። ሲቀላቀሉ ምንም የሚጨመርና የሚጠፋ ነገር ከሌለ የካርቦኑ መጠን የሚወሰነው በድብልቁ መጠን ብቻ ይሆናል፤ ጨዋማነትም የድብልቁ ምስክር ነው። ለምሳሌ ወንዙ 400 ማይክሮሞል፣ ጨዋማነቱ 35 የሆነው ባሕር ደግሞ 70 ማይክሮሞል ይዘው ቢገናኙ፣ ጨዋማነቱ 17.5 በሆነበት ስፍራ 235 ማይክሮሞል እናገኛለን። እንግዲህ መስመርዎ የሚያሳየው በእነዚያ ሁለት ውሃዎች መካከል የሆነውን መቀላቀል እንጂ ጨውና ካርቦን በተፈጥሯቸው ያላቸውን ዝምድና አይደለም። ይህን ልዩነት መጨበጥ ለጥያቄዎ መልስ ግማሽ ያህሉ ነው።

መስመሩ ቀጥ ማለቱ ራሱ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ነጥቦቹ ከመስመሩ በታች ሲጎብጡ ካርቦን እየጠፋ ነው እንላለን፤ የፀሐይ ብርሃን ሊሰባብረው፣ ባክቴሪያ ሊመገበው፣ ወይም ከአፈር የመጣው ሁሚክ አሲድ ጨውና ብረት ሲያገኘው ረግቶ ሊዘቅጥ ይችላል፤ ምንም እንኳ ይህ መርጋት ከጠቅላላው ጥቂቱን ብቻ የሚነካ ቢሆንም። ከመስመሩ በላይ ሲጎብጡ ደግሞ በመንገድ ላይ የሚጨምር ምንጭ አለ ማለት ነው፤ ረግረጋማ ዳርቻ፣ ማንግሮቭ፣ ከደለል የሚሰርግ ውሃ። ነገር ግን ወንዙ ራሱ በጎርፍ ሰሞንና በድርቅ ሰሞን የሚያወርደው ካርቦን የተለያየ ስለሆነ፣ ባለፈው ሳምንት የገባው ውሃ ገና በአፉ ውስጥ እያለ የዛሬው ሌላ ዓይነት ሆኖ ከደረሰ፣ ምንም ሳይጠፋና ሳይጨመር ጉብጠቱ ሊፈጠር ይችላል። ስንቱ ጥናት ይህን ሳያጤን «ካርቦን ጠፋ» ብሎ እንደደመደመ ሳስብ ያሳዝነኛል። ከወንዙ አፍ ውጭ የካርቦኑን ምንጭ ለመለየት ከተራው ካርቦን ጥቂት የሚከብደው የካርቦን 13 አይሶቶፕ ይረዳል፤ አብዛኛው የየብስ እፅዋት ወደ 27 በሺህ ከዜሮ በታች የሆነ ምልክት ሲኖረው፣ የባሕሩ ወደ 21 ወይም 22 በሺህ ከዜሮ በታች ነው። እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን ከተገኘ ደግሞ ጥርጥር የለውም፤ ሊግኒን ከየብስ እፅዋት እንጂ በባሕር ውሃ ውስጥ ከሚንሳፈፉት ደቂቅ አምራቾች፣ ከፋይቶፕላንክተን፣ አይመጣም።

ጥልቁ

ደለል የጀመሩትን ምሳሌ ልቀጥልበት፤ ምክንያቱም የማዕበልን ችግር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ከ400 ወደ 70 የሚወርደውን መስመር ይዘን ወደ ክፍት ውቅያኖስ እንሂድ። የሰሜን አትላንቲክ የሐሩር አቅራቢያ አዙሪት (ውሃው በሰፊ ክብ የሚዞርበት የውቅያኖስ ክፍል) የገጸ ውሃው ጨዋማነት እስከ 37 ይደርሳል፤ መስመሩ እዚያ 51 ማይክሮሞል ገደማ ይተነብያል። በአንታርክቲካ ዙሪያ ባለው ውቅያኖስ ጨዋማነቱ 34 ገደማ ነው፤ መስመሩ እዚያ ወደ 79 ይተነብያል። በእውነት የሚለካው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በሐሩርና በሐሩር አቅራቢያ ባሉት ገጾች ከ70 እስከ 80፣ በደቡባዊው ውቅያኖስ ገጽ ደግሞ ከ40 እስከ 50 ማይክሮሞል እናገኛለን። ማዕበል ልዩነቱ «የአቅጣጫ ይመስላል» ያሉት ትክክል ነበሩ፤ ዝምድናው በእርግጥ ይገለበጣል።

ምክንያቱ የወንዝ ውሃ ሳይሆን የንብርብር ጉዳይ ነው። ፀሐይ አጥብቃ በምታሞቀው ባሕር ላይ ትነቱ ዝናቡን ስለሚበልጥ ገጹ ይጨወያል፤ ሙቀቱ ደግሞ የላይኛውን ውሃ አቅልሎ ከታችኛው ጋር እንዳይቀላቀል ያደርገዋል። ፋይቶፕላንክተን የሚለቁት፣ እንስሳት ሲመገቡ የሚያፈሱት፣ ቫይረስ ሕዋሳትን ሲያፈርስ የሚበተነው ካርቦን ሁሉ በዚያ ገጽ ላይ ይከማቻል። ባክቴሪያው እንዳይበላው የንጥረ ነገር እጥረት አለበት፤ የቀረውም ካርቦን ለመሰባበር የሚያስቸግር ዓይነት ነው። በደቡባዊው ውቅያኖስ ግን ጥልቁ ውሃ ዘወትር ወደ ላይ ይወጣል፤ ጥልቁ ውሃ ደግሞ በካርቦን ድሃ ነው። ስለዚህ በክፍት ውቅያኖስ ላይ ጨዋማነትም ሆነ ሙቀት የካርቦኑ ምክንያት አይደሉም፤ ሁለቱም ውሃው በገጹ ላይ ምን ያህል እንደቆየ የሚያሳብቁ ምልክቶች ናቸው።

አረንጓዴ ውሃ

ጥልቁ፣ ማብራሪያዎን በአክብሮት አንብቤ አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን የሕይወት ውጤት ነው ካልን ሕይወት በበዛበት መብዛት ነበረበት። በፔሩና በካሊፎርኒያ ዳርቻዎች ጥልቅ ውሃ ወደ ገጽ በሚወጣበት ስፍራ ባሕሩ በፋይቶፕላንክተን አረንጓዴ ይሆናል፤ የአዙሪቶቹ መካከል ግን የውቅያኖስ በረሃ እየተባለ የሚጠራ ነው። በረሃው እንዴት ከለምለሙ ይበልጣል?

ጥልቁ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ የታገልኩበት ነው። የምንለካው የተመረተውን ሳይሆን ተመርቶ፣ ተበልቶ የተረፈውን ነው። በአረንጓዴው ውሃ ውስጥ ብዙ ካርቦን ይለቀቃል፤ አብዛኛው ግን በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ባክቴሪያ ይመገበዋል፤ ከፊሉም በቅንጣት መልክ ይዘቅጣል። ከዚህም በላይ ከጥልቅ የወጣው ውሃ ገጹን ሲነካ ገና 40 ማይክሮሞል ገደማ ይዞ ነው የሚጀምረው። ከዳርቻው እየራቀ፣ እየሞቀና እያረጀ ሲሄድ ቀስ በቀስ ትርፉ ይጠራቀማል። ስለዚህ በእነዚያ ዳርቻዎች አረንጓዴነቱ ወደ የብስ ሲጨምር፣ የሟሟው ካርቦን ብዙ ጊዜ ወደ ክፍት ባሕር ነው የሚጨምረው። በእኔ እምነት በዚህ ዘርፍ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር የለም።

በቤርሙዳ አቅራቢያ በሳርጋሶ ባሕር ከ1988 ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚለካ ጣቢያ አለ፤ ጉዳዩን በጊዜ ውስጥ ለማየት ከእርሱ የተሻለ ስፍራ የለም። በዚያ በክረምት ብርድ ገጹ ከብዶ ይሰምጥና ውሃው እስከ 200 ሜትርና ከዚያም በላይ ይቀላቀላል። ብርዱ ሲያልፍ ፋይቶፕላንክተን ይበቅላሉ፣ ካርቦኑም በላይኛው ንብርብር ላይ መጠራቀም ይጀምራል፤ በጋውን ሙሉ ከፍ ብሎ ይቆይና በሚቀጥለው ክረምት ቅልቅሉ ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። በገጹ ላይ ለወራት ማንም ያልነካው ካርቦን በጥልቁ ሌላ የባክቴሪያ ማኅበረሰብ ሲያገኘው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይበላል። ያው ካርቦን በአንዱ ስፍራ የማይበላ፣ በሌላው የሚበላ ሆኖ መገኘቱ «የማይሰባበር» የሚለው ስም የውሁዱ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የአካባቢውም እንደሆነ ያመለክታል።

ከዚያ በታች ያለው ግን ሌላ ዓለም ነው። ከ1000 ሜትር በታች መጠኑ እምብዛም አይለዋወጥም፤ በሰሜን አትላንቲክ ጥልቅ ውሃ ወደ 45፣ ከዚያ ተጉዞ የዓለምን ውቅያኖስ ዞሮ በሰሜን ፓሲፊክ ሲደርስ ወደ 35 ማይክሮሞል ገደማ ይሆናል። በራዲዮካርቦን ሲለካ ዕድሜው በሳርጋሶ ጥልቅ 4000፣ በሰሜን ፓሲፊክ ጥልቅ 6000 ዓመት ገደማ ነው። ውቅያኖስ አንድ ጊዜ ተቀላቅሎ ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ 1000 ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ካርቦን በአማካይ ብዙ ዙር ተጉዟል ማለት ነው። በጠቅላላው በውቅያኖስ ውስጥ ወደ 660 ቢሊዮን ቶን የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን አለ፤ ይህም በከባቢ አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ካለው ካርቦን ጋር የሚቀራረብ ክምችት ነው፤ አብዛኛውም ያ አሮጌው ነው።

ሰማያዊ ገጽ

ክሩን ከጅምሩ እየተከታተልኩ ነበር፤ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጨዋማነት ካልረዳን የውሃውን ቀለም በሳተላይት አይተን መጠኑን መገመት አንችልም? በወንዝ አቅራቢያ ያለው ውሃ እንደ ሻይ ቡናማ ስለሚሆን ቀለሙ የካርቦኑ ማስረጃ ይመስለኛል።

ደለል

በወንዝ አቅራቢያ ይቻላል፤ ብዙዎችም በጥሩ ሁኔታ ሠርተውበታል። በዚያ ቀለም ያለው ክፍል የጠቅላላው የሟሟ ካርቦን ትልቅ ድርሻ ስለሆነ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ችግሩ የፀሐይ ብርሃን ቀለሙን ከካርቦኑ ቀድሞ ማንጣቱ ነው። ጥልቁ ያነሡት አዙሪት ከክፍት ውቅያኖስ ሁሉ ከፍተኛውን የሟሟ ካርቦን ከሚይዙት ስፍራዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ቀለም ያለው ክፍል ግን እጅግ የሚያንስበት፣ ውሃው ጥርት ብሎ ሰማያዊ የሆነበት ነው። ስለዚህ በቀለምም በኩል ዝምድናው ከዳርቻ ወደ ጥልቁ ሲሻገሩ ይበጠሳል፤ ጨዋማነቱን የጣለው ሁኔታ ቀለሙንም ይጥለዋል። በዳርቻ ደግሞ ቀለሙ ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚውጥ በሳተላይት ሲታይ ከክሎሮፊል ጋር ይምታታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጥልቁና እኔ «ዳርቻ» እና «ክፍት ውቅያኖስ» ስንል ርቀትን የምንለካ እንዳይመስላችሁ። የአርክቲክ ውቅያኖስ ከዓለም የውቅያኖስ ውሃ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ይዞ፣ ከዓለም የወንዝ ውሃ ግን 10 በመቶ ገደማውን ይቀበላል። የሳይቤርያ ወንዞች በበረዶ መቅለጥ ሰሞን የሚያወርዱት ካርቦን በገጹ ላይ ተንሳፍፎ እስከ ውቅያኖሱ መካከል ይደርሳል፤ በዚያ ከዳርቻ እጅግ ርቀንም የወንዝ አፉን ዓይነት ቁልቁል የሚወርድ መስመር እናገኛለን። የአማዞን ውሃም ከአፉ ወጥቶ በመቶዎች ኪሎሜትር በባሕሩ ላይ ይዘረጋል። በተቃራኒው ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም፤ ዳርቻው ላይ ቆመን ብንቀዳም ከየብስ ወንዝ የሚመጣ መስመር አንጠብቅም። ባልቲክ ባሕር ደግሞ ከነመካከሉ እንደ አንድ ሰፊ የወንዝ አፍ ሊቆጠር ይችላል፤ የሟሟ ካርቦኑም ከክፍት ውቅያኖስ ገጽ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ወሳኙ የወንዝ ውሃ በድብልቁ ውስጥ ያለው ድርሻ እንጂ ካርታው ላይ ያለው ርቀት አይደለም።

ወንዞች በአንድነት በየዓመቱ ወደ 250 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን ወደ ባሕር ያስገባሉ። ይህ ሁሉ እንደገባ ቢቀር ኖሮ የጥልቁን አሮጌ ክምችት ለመተካት ከበቂ በላይ ነበር። ሆኖም በክፍት ውቅያኖስ ውሃ ውስጥ ሊግኒን የሚገኘው በጥቂቱ ብቻ ነው፤ የአይሶቶፑም ምልክት ባሕራዊ ነው። አብዛኛው የየብስ ካርቦን በዳርቻው ክልል ውስጥ በብርሃንና በባክቴሪያ ይጠፋል ማለት ነው። ዳርቻን እንደ ተራ መተላለፊያ ቧንቧ የሚቆጥሩ ስሌቶችን የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው።

ማዕበል (ክሩን የከፈቱ)

የሁላችሁንም መልስ ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላ ስሌቴን ከሥር ጀምሬ ሠራሁት። ናሙናዎቼን በርቀት መክፈሌን ትቼ፣ መጀመሪያ የወንዝ ውሃ የደረሰባቸውንና ያልደረሰባቸውን ለየሁ። በወንዙ ተጽዕኖ ሥር ያሉት ቁልቁል የሚወርደውን መስመር ጠብቀዋል። ያልደረሰባቸው ግን ጨዋማነትና ሙቀት ሲጨምሩ ሽቅብ የሚወጣ፣ ደካማ ግን ግልጽ የሆነ ዝምድና አሳዩ። ሁለቱን ቡድኖች በአንድ መስመር ላይ ማስገደዴ ነው ያሳሳተኝ። በሁለቱ መካከል ያሉ ጥቂት ናሙናዎች የትኛው ቡድን ውስጥ እንደሚገቡ ገና አልወሰንኩም፤ የአይሶቶፕ ልኬት እስኪደርስልኝ ድረስም በግምት አልመድባቸውም።

ናሙና ጠባቂ የጠረጠሯቸውን ሁለት ጣቢያዎች በተመለከተ፣ የጉዞ መዝገቡን ተመለከትኩ። አንደኛው በተቀዳበት ቀን የመቅጃው መሣሪያ ቅባት ተቀብቶ ነበር፤ ያንን ጣቢያ አውጥቼዋለሁ። በሁለተኛው ላይ ግን ምንም የተመዘገበ ነገር የለም፤ ደግሜ ስለካውም ቁጥሩ ያው ነው። ጣቢያው የወንዙ ውሃና የባሕሩ ውሃ በሚጋጠሙበት፣ አረፋና ቅጠላ ቅጠል በገጹ ላይ በተሰበሰበበት መስመር ላይ ነበር።

ናሙና ጠባቂ

እንግዲያውስ ሁለተኛውን ጣቢያ አያውጡት። ውሃዎች በሚጋጠሙበት መስመር ላይ ተንሳፋፊ ነገር ይከማቻል፤ ከእርሱ የሚለቀቀው ካርቦን በእውነት የውሃው አካል ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ያ ናሙና ተጣርቶ እንደሆነ ያረጋግጡ። በክፍት ውቅያኖስ ላይ ቅንጣቱ ጥቂት ስለሆነ ብዙዎቻችን ናሙናን ሳናጣራ እንለካለን፤ በእንዲህ ያለ ስፍራ ግን ያልተጣራ ናሙና የቅንጣቱን ካርቦን ከሟሟው ጋር ደርቦ ይቆጥራል። ከተጣራም ማጣሪያው አስቀድሞ በ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተቃጠለ መሆኑን ይመልከቱ። ትርፍ ናሙና በማቀዝቀዣ ካለዎት ከእርሱ ላይ ጥቂት ለሊግኒን ልኬት ያስቀሩ፤ በሁሚክ የበለጸገ ውሃ ሲቀዘቅዝ ከፊሉ ሊረጋ ስለሚችል፣ ከቀለጠ በኋላ በደንብ ሳይነቀነቅ አይቅዱለት። ውጤቱን እዚሁ ቢያካፍሉን ደስ ይለኛል።